የቤት ሰርቨር እንዴት ይሠራል፣ ለምንስ ይጠቅማል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ፣ ስለ ትምህርት ጥቅም እንናገር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ነገር ግን ለመምህራን ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር ለገበሬ ስለ ሞፈር እንደ ማስረዳት ይሆናል ብለን ተውነውና፣ በዚህ ዓመት በገዛ እጃችን ስለ ሠራነው ስለ አንድ መሣሪያ ለመናገር ቈረጥን። መሣሪያው የቤት ሰርቨር ይባላል።

ሰርቨር ማለት በአማርኛ አገልጋይ ማለት ነው። የቤት ሰርቨርም በቤት ውስጥ አንድ ጥግ ተቀምጦ የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍ፣ ጽሑፍ፣ ዘፈን፣ ፊልምና ትምህርት የሚያስቀምጥ፣ በተጠየቀም ጊዜ በስልክ ወይም በቴሌቪዥን ላይ የሚያቀርብ ኮምፒዩተር ነው። ስልኮቹ ከእርሱ ጋር የሚገናኙት በዋይፋይ ሲሆን፣ ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ይህን ስንናገር ብዙ ሰው አያምነንም፤ ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ነገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነውና። ዋይፋይ መንገድ ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ በመንገዱ የሚደረስበት ሩቅ ገበያ ነው። ገበያው ቢዘጋም በዚያው መንገድ ጎረቤት ዘንድ መሄድ ይቻላል።

ይህን ሥራ ያስጀመረንን ምክንያት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2015 ዓ. ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ቦታ ለወራት ሳይመለስ ቈየ። ከዚያም በፊት በ2009 እና በ2011 ዓ. ም. በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ተቋርጦ እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። እኛ እዚህ የቆምነው ስለ መቋረጡ ምክንያት ልንፈርድ አይደለም። በተማሪነታችን ያየነው ነገር ግን አለ፤ ይኸውም የትምህርት ቪዲዮዎቹንና ያለፉትን ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች ለቴሌግራም ቻናል ብቻ አምኖ የተወ ተማሪ ባዶ እጁን ሲቀር፣ በፍላሽ ገልብጦ ያስቀመጠው ግን ማጥናቱን አላቋረጠም።

መምህራኖቻችን ይህን ነገር ከኛ ይልቅ ያውቁታል። በ1997 ዓ. ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት በተጀመረ ጊዜ፣ አስተማሪው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ሆኖ ከሩቅ ይናገር ነበር። ያልገባው ተማሪ ቢጠይቀው አይሰማም፤ የክፍሉ መምህርም ቆይ፣ አንድ ጊዜ ላስረዳላቸው ሊለው አይችልም። መብራት ለሃያ ደቂቃ የጠፋ እንደ ሆነ ሃያው ደቂቃ ትምህርት በሰማይ አልፎ ሄደ። ትምህርቱ መጥፎ ስለ ሆነ አልነበረም፤ በእጅ ያልተያዘ ስለ ሆነ ነው እንጂ። በሰርቨራችን ላይ ያስቀመጥነው የፊዚክስ ትምህርት ሲያሻን ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ካቆመበት ይቀጥላል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ኮምፒዩተሩ አዲስ አበባ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሲወገድ የአንዱ ጓደኛችን አጎት የገዙት አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ለቢሮ ሥራ ዘገየ ተብሎ የተጣለ ይሁን እንጂ ፋይል ለማስቀመጥና ለማቅረብ ከበቂ በላይ ነው። ክዳኑን ብንከፍተው ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኖ አገኘነው፤ የግድግዳ ቀለም በሚቀባበት ብሩሽ ጠረግነውና ሠራ። በውስጡም እያንዳንዳቸው አንድ ቴራባይት የሚይዙ ሁለት ሃርድ ዲስኮች ገጠምንበት። ሠሪው አንድ ሺህ ጊጋባይት ብሎ የጻፈበትን ዲስክ ብዙ ኮምፒዩተር 931 ብቻ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ነጋዴው የቀነሰበት የሚመስለው ሰው አለ። ነጋዴው አልበደለም። ሠሪው በ1000 ሲያባዛ ኮምፒዩተሩ በ1024 ስለሚያባዛ ነው፤ አንዱ በቁና ሌላው በኪሎ እንደ መስፈር ያለ ነገር ነው።

ሃርድ ዲስክ ማለት በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ የሚዞር ሳሕን ሲሆን፣ የሚጽፈውና የሚያነበው መርፌ ሳሕኑን ሳይነካ ከጠጕር ውፍረት ከሺህ ጊዜ በላይ በሚያንስ ርቀት ላይ ይንሳፈፋል። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ እ. ኤ. አ. በ1956 አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ የሠራው ሲሆን፣ 50 ሳሕኖች ነበሩት፤ ከነመሣሪያው አንድ ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ የሚይዘው ግን አምስት ሚሊዮን ፊደል ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ በስልክ የተነሣች አንዲት የሠርግ ፎቶግራፍ ያን ሁሉ ቦታ ትወስዳለች።

በኮምፒዩተሩ ላይ ዴቢያን የተባለውን ሊኑክስ ጫንን። በነጻ የሚሰጥ ስለ ሆነ ፈቃድ የሚጠይቀን የለም። ፋይሉን ለስልኮችና ለሌሎች ኮምፒዩተሮች የሚያካፍለው ፕሮግራም ሳምባ ይባላል፤ ስሙ እንደ አካላችን ሳምባ ቢሆንም ከትንፋሽ ጋር የሚያገናኘው የለም። ቪዲዮና ዘፈን የሚያቀርበው ጄሊፊን፣ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያሳየው ደግሞ ኪዊክስ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ አንድ መቶ ጊጋባይት ገደማ ስለ ሆነ አንዱ ጓደኛችን አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ በሃርድ ዲስክ ተሸክሞ አመጣው። የአማርኛው ግን በአንዲት ትንሽ ፍላሽ ጥግ ይገባል፤ ይህን ስንናገር ደስ አይለንም።

ከቤቱ ዋይፋይ ጋር የተገናኘ ስልክ 192.168.1.10 የሚለውን ቍጥር ከፍቶ ይገባል። በ192.168 የሚጀምር ቍጥር ለቤት ውስጥ መረብ ብቻ የተከለለ ስለ ሆነ፣ በሌላ አገር ያለ ሰው ያንኑ ቍጥር ቢጽፍ ወደ ራሱ ቤት ይመለሳል እንጂ ወደ ደነባ አይደርስም። አሮጌው ኮምፒዩተር ቪዲዮን እያጫወተ መለወጥ ስለሚከብደው፣ ቪዲዮዎቹን ሁሉ አስቀድመን አብዛኛው ስልክ ወደሚያውቀው ዓይነት እንለውጣቸዋለን። ይህም ሥራ ለሊት ይተዋል።

የተቀመጠው በአንዱ ጓደኛችን ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ከቡፌው አጠገብ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ኮምፒዩተሩ ሥራ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ በራሱ ይጠፋ ነበር። የቤቱ እመቤት ባዶውን ብረት ማየት ደስ ስላላላቸው እንደ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ዳንቴል አልብሰውት፣ በላዩም የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠውበት ኖሯል! ኮምፒዩተር ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። ከብዙ ምክክር በኋላ ዳንቴሉ ከሥሩ እንዲነጠፍ ተስማማን፤ አበባውም ወደ ቡፌው ተመለሰ።

የመብራት ነገር ሰፋ ያለ ሐሳብ ይፈልጋል። በመጻሕፍት ሰርቨር ሃያ አራት ሰዓት ሳይጠፋ መሥራት አለበት ይባላል። እኛ ሒሳቡን ሠራነው። ኮምፒዩተራችን 50 ዋት ያህል ይበላል፤ በሃያ አራት ሰዓት 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። በአገራችን የቤት ታሪፍ ርካሹ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ድረስ ነው። እንግዲህ ሰርቨሩ ብቻውን ከእርከኑ ከግማሽ በላይ ከበላ፣ ምጣዱ፣ አምፖሉና ቴሌቪዥኑ ወደ ውዱ እርከን ይገፋሉ። ስለዚህ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ብቻ እንዲሠራ አደረግን፤ በወር ስምንት ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። ሃያ አራት ሰዓት የሚለው ደንብ ለደነባ የተጻፈ አይደለም።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ደግሞ በመጻፍ ላይ ያለ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ሊኑክስ በዚህ ላይ መልካም ዘዴ አለው፤ የሚሠራውን ለውጥ አስቀድሞ በአንድ መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያም ይሠራል፤ መብራት ተመልሶ ሲነሣ መዝገቡን አይቶ የተጀመረውን ይጨርሳል ወይም ይሰርዛል። ቢሆንም ዩ ፒ ኤስ አኑረንበታል፤ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ለመዝጋት አሥር ደቂቃ ከሰጠን ይበቃናል። መብራት እንደ መጣ በራሱ እንዲነሣ ግን አላደረግንም። በከተማችን መብራት ሲመጣ አንድ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም ብሎ ስለሚጸና፣ ከጸና በኋላ ሰው በእጁ ቢከፍተው ይሻላል። ከወላጆቻችን መካከል እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመሥራት የሚያስብ ቢኖር፣ ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ካገኘ ያን ይውሰድ። ባትሪው ራሱ ዩ ፒ ኤስ ነው፤ መብራትም ከዴስክቶፕ በጣም ያነሰ ይበላል። ጕድለቱ ሁለተኛውን ዲስክ ከውጭ በገመድ መሰካት ግድ መሆኑ ነው።

በሥራው ላይ ካልጠበቅነው ስፍራ የመጣብን ችግር የዘመን አቈጣጠር ነው። ኮምፒዩተሩ ሰዓቱን የሚጠብቅበት ሳንቲም የምትመስል ባትሪ አልቃ ስለ ነበር፣ በተከፈተ ቍጥር ዓመቱ እ. ኤ. አ. 2010 ነው ይል ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት እንዘገያለን ይባላል፤ ይህ መኪና ግን ከኛም ዘገየ! ነገሩ ለሣቅ ብቻ አይደለም፤ ቅጂ የሚሠራው ፕሮግራም የትኛው ፋይል አዲስ እንደ ሆነ የሚያውቀው በቀኑ ነውና። ሲ አር 2032 የምትባለውን ባትሪ ለወጥንና ተስተካከለ።

ከዚያ የባሰው የፎቶግራፎቹ ስም ነበር። 2017-05-11 የሚል ስም ያለው ፎቶግራፍ መጣልን። በኛ አቈጣጠር ከሆነ ጥር 11 ቀን 2017፣ የጥምቀት ዕለት ነው። ስልኩ በፈረንጅ አቈጣጠር የሰጠው ስም ከሆነ ግን ግንቦት 3 ቀን 2009 ዓ. ም. ይሆናል። በአንድ ስም ሁለት ቀን፣ በመካከላቸውም ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው! ስለዚህ ስልክ የሰጠውን ስም ሳንነካ፣ እኛ የምንሰጠው የፎልደር ስም ሁሉ ዓ. ም. ወይም እ. ኤ. አ. የሚል እንዲኖረው ደነገግን።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። የአንድ ዕድር ጸሐፊ ከብዙ ዓመት በፊት በኮምፒዩተር ያስጻፉትን የአባላት መዝገብ በፍላሽ አመጡልን። ብንከፍተው ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ታየ። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የተጻፈው ግን ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ጽሕፈት ፕሮግራሞች በአንዱ ስለ ነበረ፣ ያን የፊደል ቅርጽ ያልያዘ ኮምፒዩተር ሊያነበው አይችልም። የኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ. ኤ. አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በአገራችን መሥሪያ ቤቶችም ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ መንገድ ያስቀምጥ ነበር። መዝገቡን ወደ ዩኒኮድ ለወጥነውና የሞቱት አባላት ስም ሳይቀር ተነበበ። ፍለጋም ያስቸግራል፤ ኃይሌ ተብሎ የተጻፈውን ሰው ሀይሌ ብሎ የፈለገ አያገኘውም። የአማርኛ መምህራችን ፊደል ጠብቃችሁ ጻፉ እያሉ ሲያስጠነቅቁን ለካ ሰርቨሩም ከእርሳቸው ጋር ነበረ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ማስቀመጥ ነው። የንግግራችን ዋና ነገር ግን ስለ ቅጂ ነው፤ ነገር ስለ ተቀመጠ ብቻ ዳነ ማለት አይደለምና።

በሰፈራችን ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ልጃቸውን በዳሩ ጊዜ የሰጡት ምርቃት በእናቲቱ ስልክ ተቀርጾ ነበር። ምርቃቱ ረዥም ነበር ይባላል፤ እየሰነበቱም ያዳምጡት ነበር። ስልኩ የውኃ ባልዲ ውስጥ ወደቀ። ተጠግኖ ሲመለስ ይሠራል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ሰርቨር መሥራታችንን ሰምተው መጡና፣ “ልጆቼ፣ በዚያ መኪናችሁ ውስጥ አይገኝም ወይ?” አሉን። ወደ ሰርቨር ያልገባ ከሰርቨር አይወጣም፤ ይህን ለእርሳቸው መንገር ከሥራው ሁሉ የከበደን ነበር። በኋላ የወንድማቸው ልጅ አዲስ አበባ ሳለ በቴሌግራም የተላከለትን ቍራጭ በስልኩ ላይ አገኘ። አርባ ሰከንድ ነው። አሁን በሰርቨሩ ላይና በሌሎች ሁለት ዲስኮች ላይ አለ፤ የቀረው ግን የለም። አርባው ሰከንድ የዳነው በጥንቃቄ አይደለም፤ አንድ ሰው ለሌላው ስለ ላከው ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ሁለት ዲስክ ገጥሞ አንዱ የሌላው መስተዋት እንዲሆን በማድረግ የዳነ ይመስለዋል። ሬይድ ይሉታል። አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ስለሚሠራ ጥቅም አለው። ነገር ግን በመስተዋት ፊት ጢሙን የሚላጭ ሰው በመስተዋቱም ውስጥ ጢሙ ይላጫል፤ በአንዱ ዲስክ ላይ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል በዚያችው ቅጽበት በሌላውም ይሰረዛል። ስለዚህ ሁለተኛውን ዲስካችንን መስተዋት አላደረግነውም። በየማታው አራት ሰዓት አርሲንክ በተባለው ፕሮግራም የዕለቱ ለውጥ ይገለበጥበታል፤ የተሰረዘውና የተለወጠውም ለሠላሳ ቀን በሌላ ፎልደር ይቈያል።

ይህም ቢሆን ሁለቱም ዲስኮች በአንድ ሣጥን፣ በአንድ ሳሎን፣ ከአንድ ዲቫይደር ላይ ናቸው። እሳት ቢነሣ ወይም ሌባ ቢገባ ሁለቱም በአንድነት ይሄዳሉ። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው አንድ ደንብ አለ፤ ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን፣ አንዱም ከቤት ውጭ ይደር የሚል ነው። ይህ ደንብ ለድኻ አገር ብቻ የሚያስፈልግ እንዳይመስላችሁ። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ. ም.፣ እኛ ደመራ በምንደምርበት ዕለት፣ በደቡብ ኮሪያ ቴጆን በተባለው ከተማ በመንግሥት የመረጃ ማእከል ላይ እሳት ተነሥቶ የመንግሥት ሠራተኞች ፋይል የሚቀመጥበት 858 ቴራባይት የሚይዝ ማስቀመጫ ተቃጠለ፤ ከዚያ ውጭ ቅጂ አልነበረውም። በሌላ ወገን እ. ኤ. አ. በ1998 ፒክሳር የተባለው የፊልም ድርጅት ቶይ ስቶሪ 2 የተባለውን ፊልም ሲሠራ፣ በተሳሳተ ትእዛዝ አብዛኛው ፋይል ተሰረዘ፤ ባክአፑም ለካ በትክክል አይሠራም ነበር። ፊልሙን ያዳነችው ጋሊን ሰስማን የተባለች ሠራተኛ ናት፤ ልጅ ወልዳ ከቤት ትሠራ ስለ ነበር አንድ ቅጂ በቤቷ ነበራት። ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና የኋላ ወንበር ላይ አድርገው አመጡት።

የኛ አገር ሰው ይህን ነገር ከኮምፒዩተር በፊት ያውቀው ነበር። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ጽሑፍ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ በሌላው ዓለም ቍርጥራጩ ሲቀር በኛ ጸሐፍት እጅ እየተገለበጠ ስለ ኖረ ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ በ18ኛው መቶ ዓመት ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰደ። አንድ ቦታ ብቻ የተከማቸ ነገር ምን እንደሚያገኘው ደግሞ መቅደላ ታስተምረናለች፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ከሰበሰቧቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ እ. ኤ. አ. በ1868 ወደ ለንደን ተጋዙ። ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ የተሠራውን ሥራ ግን ከሁሉ አስበልጠን እናደንቀዋለን። እ. ኤ. አ. ከ1973 ጀምሮ በአገራችን አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሡ፤ ወደ ዘጠኝ ሺህ ይደርሳሉ። ብራናው ከባለቤቱ ዘንድ ሲቀር፣ አንዱ ፊልም አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ! ደንቡን ገና ማንም ሳያስፋፋው ሠርተውታል።

እነዚህን ፊልሞች በማንበብና ዝርዝራቸውን በመጻፍ ስማቸው የገነነው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የኛው የሸዋ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት በሸንኮራ ነው። እ. ኤ. አ. በ1975 በደርግ ዘመን በጥይት ተመትተው ሽባ ሆኑ፤ ከአገር ወጥተውም እ. ኤ. አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ አብዛኛውን ዘመናቸውን በዚያ ሥራ ላይ አሳለፉ። ወደ ገዳማቱ መውጣት ባይችሉም ቅጂው ካሉበት ድረስ ሄደላቸው።

ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግነው በልጅነታችን የተማርነው የነቢዩ ኤርምያስ ታሪክ ትዝ ይለናል። ንጉሡ ኢዮአቄም መጽሐፉ ሲነበብለት በካራ እየቈረጠ በምድጃ ጣለው፤ ባሮክም ከኤርምያስ አፍ እንደ ገና ጻፈው። ያን ጊዜ የተቻለው ነቢዩ በሕይወት ስለ ነበረ ነው። የዚያች እናት ባል ግን ምርቃታቸውን ሊደግሙልን አይችሉም።

ስለዚህ ሦስተኛ ዲስክ አለን። ይህ ከውጭ የሚሰካ ዲስክ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይገለበጥበትና በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ደብረ ብርሃን በሚሄድ ሰው እጅ በአውቶቡስ ይላካል፤ በዚያም በዘመድ ቤት ይቀመጣል። በሥራችን ውስጥ ከሁሉ ርካሹ፣ ከሁሉም አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ዲስኩ ይታዘዛል፣ የመንገደኛ ነገር ግን አይታወቅም። በየወሩም ከዚያ ዲስክ ላይ በዕጣ አንድ ፋይል መርጠን እንመልሳለን፤ ተመልሶ ካልተከፈተ ቅጂ ነው ብለን አንቈጥረውም።

አንድ አባት፣ “የቤቴ ፎቶግራፍ በሰው ቤት ለምን ያድራል?” ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ የየራሱ ስምና የይለፍ ቃል ሰጥተናል፤ አንዱ የሌላውን ሊከፍት አይችልም። ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው ዲስክም በምስጢር ቍልፍ የተቈለፈ ስለ ሆነ በመንገድ ቢጠፋ ያገኘው ሰው ሊያነበው አይችልም። ይሁን እንጂ ሰርቨሩን የምንጠብቀው እኛ ብንፈልግ ማየት እንችላለን፤ ይህን አንደብቅም። በ2016 ዓ. ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 አገራችን ይህን ነገር አክብራ መያዟን ያሳያል። እኛ ግን የምንመክረው የሚቻለው ሁሉ የራሱን እንዲሠራ፣ ያልተቻለው ደግሞ ከሚያምነው ጎረቤት ጋር እንደ ዕቁብ ሆኖ እንዲሠራ ነው።

ፊልምና ዘፈን በተመለከተ በክፍላችን ጠብ እስኪመስል ድረስ ተከራክረናል። በየሱቁ በፍላሽ የሚሞላውን ሁሉ እናስገባ ያሉ ነበሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 በ1996 ዓ. ም. ወጥቷል፤ አንድ ዘፋኝ የደከመበትን ያለ ፈቃዱ አባዝቶ ማደል ሕግ መተላለፍ ነው። በድምፅ ብልጫ አይግባ ተባለ። ስለዚህ በሰርቨሩ ላይ ያለው የቤተ ሰብ ሠርግና ክርስትና፣ ባለቤቶቹ በነጻ የለቀቋቸው ትምህርቶችና ሽማግሌዎቻችን ራሳቸው ያቀረጹን ፉከራና ቀረርቶ ነው። የተሸነፉት ጓደኞቻችን ግን ዛሬም ሰርቨሩ ደረቅ ነው ይሉናል።

እኛ በዓመቱ መጨረሻ ለፈተና እንሄዳለን፤ ከዚያም የሚበተነው ይበተናል። ከአሥራ አንደኛ ክፍል ሦስት ተማሪዎች ሥራውን እየተለማመዱ ነው፤ የይለፍ ቃሎቹም በታሸገ ፖስታ በቤቱ እመቤትና በአንድ መምህራችን እጅ ተቀምጠዋል። ሦስተኛውን ዲስክ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ደብረ ብርሃን የሚያመላልስ ሰው ግን ገና አላገኘንም። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ወላጅ ካለ በዓሉ እንዳለቀ በበሩ አጠገብ እንጠብቃለን። ፎቶግራፍና ድምፅ ለማስገልበጥ የምትፈልጉ ሁሉ ቅዳሜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የስልካችሁን ገመድ ይዛችሁ ኑ፤ መብራት ከጠፋ እሑድ።